«እርጅና ነው» ብለን የምናልፈው ስብራት

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

  

 በመርየም ሱራ መግቢያ ላይ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) ጌታቸውን በምስጢር ሲማፀኑ እናገኛቸዋለን። ልጅ ከመለመናቸው በፊት ያስቀደሙት አቤቱታ አጥንታቸው መድከሙንና ራሳቸው በሽበት መወረሩን ነበር። ሽበቱ ለሁሉም ይታያል። የአጥንት ድካም ግን ባለቤቱም ሳያውቀው ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ነገር ነው። በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ስለማይታየው ድካም ነው። ሐኪሞች «ኦስቲዮፖሮሲስ» ይሉታል፤ በአማርኛ የአጥንት መሳሳት ይባላል።

«ኢማም ስለ አጥንት ምን አገባው?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ያገባኛል። «እናታችን ወድቀው ተሰብረዋል፣ ዱዓ ይደረግላቸው» የሚለው መልእክት መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ዘንድ መስጂድ ነውና። ሁለተኛው ምክንያቴ የራሴ ቤት ነው። ሕክምናን በተመለከተ የምናገረውን ሁሉ ደግሞ በመስጂዳችን ለሚሰግድ አንድ የአጥንት ሐኪም አስቀድሜ አንብቤለት የተሳሳትኩትን አርሞልኛል። አላህ ኸይር ጀዛውን ይክፈለው።

በ2007 ዓ.ም. እናቴ የ64 ዓመት ሴት ነበረች። ለዒድ ቤት ስታሰናዳ እርጥብ ወለል አዳልጧት በእጇ ተመርኩዛ ወደቀች፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላት፣ በሁለት ወር ውስጥም ዳነች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ «እርጅና ነው እማዬ፤ ቀደር ነው፣ አላህ ያሽርሽ» አልኳት። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ላይ ለሱብሒ ወዱእ ልታደርግ ስትነሳ መብራት ጠፍቶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጠርዙ የተቀለበሰ ምንጣፍ እግሯን ያዛትና በጎኗ ወደቀች። መነሳት አልቻለችም። ጎረቤት ተሰብስቦ «ዳሌዋ ወልቆ ነው» አለ፤ ወጌሻ ተጠርቶ በቅቤ አሻት። ዘጠኝ ቀን እንዲሁ ተኛች። በአሥረኛው ቀን ሆስፒታል ስንወስዳት ራጁ የጭን አጥንቷ አንገቱ ላይ መሰበሩን አሳየ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ዳሌዋ አልነበረም። «ከዚህ በፊት ተሰብረው ያውቃሉ?» አለን። «አዎ፣ እጃቸው፤ እሱ እንኳ ቀላል ነበር» አልነው። «እሳቸውን ማምጣት የነበረባችሁ ያኔ ነበር» አለን።

ዛሬ ላስተላልፍ የፈለግሁት ዋናው መልእክት ይኸው ነው። ዕድሜው ከ50 ዓመት ያለፈ ሰው ከቆመበት ወድቆ አጥንቱ ከተሰበረ፣ ወይም አንድ ጀሪካን ውሃ ሲያነሳ ወገቡ ላይ «ቀጭ» ብሎ ከቀረ፣ ያ ሰው አደጋ ብቻ አይደለም የደረሰበት። ጤነኛ አጥንት በእንዲህ ያለ ቀላል መውደቅ አይሰበርም። አንድ ጊዜ በዚህ ሁኔታ የተሰበረ ሰው ዳግም የመሰበር ዕድሉ ካልተሰበረው ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ ይጠጋል። የመጀመሪያው ስብራት የሚቀጥለውን የሚናገር መልእክተኛ ነው። እኛ ግን መልእክተኛውን በጨርቅ ጠቅልለን ዝም አሰኘነው።

አሁን «እርጅና ነው» ወደሚለው ቃል ልመለስ። ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ የገጠር ዐረቦች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው መታከም ይገባን እንደሆነ ጠይቀዋቸው እንደነበር ተዘግቧል። መልሳቸው ታከሙ የሚል ሲሆን፣ አላህ መድኃኒት ሳያደርግለት የተወው በሽታ እንደሌለ ከገለጹ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለይተው አውጥተዋል፤ እርሱም እርጅና ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሐዲስ በግማሹ ይዘነዋል። አዛውንት የሚያጋጥማቸውን ሕመም ሁሉ እርጅና ውስጥ እንከተዋለን፤ እርጅና ደግሞ መድኃኒት የለውም ብለን እንቀመጣለን። የአጥንት መሳሳት ግን ከዕድሜ ጋር የሚመጣ በሽታ እንጂ ራሱ እርጅና አይደለም። ሊዘገይ ይችላል፤ በመድኃኒትም የስብራቱ ዕድል ይቀንሳል። እንግዲያውስ የሚገባው «ታከሙ» በተባለው ውስጥ ነው።

ቀደርን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ደርሰው በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሲሰሙ ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዴት ይሆናል ሲሏቸው፣ የሸሹት ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሆነ አስረድተዋቸዋል። ወለሉን ማድረቅም፣ ሐኪም ዘንድ መሄድም ቀደር ነው። ይህንን በኹጥባ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ የእናቴ እጅ ሲሰበር ግን ትዝ አላለኝም።

የአጥንትን ነገር ለመረዳት መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። አጥንት ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ከሥጋ ቤት የሚወጣው ደረቅ ነገር ነው። ከቀደምት ሊቃውንቶቻችን አንዱ የነበሩት ዐብዱለጢፍ አል‐በግዳዲ እ.ኤ.አ. ከ1200 እስከ 1202 በግብፅ በደረሰው አስከፊ ረሃብ የሞቱትን ሰዎች አጽም መርምረው፣ የታችኛው መንጋጋ ከሁለት አጥንት የተሠራ ነው የሚለውን የጋሌንን አባባል አንድ አጥንት ነው ብለው አርመዋል። ለዘመናት ሲባል የኖረውን በዓይናቸው ባዩት ማረማቸው ነው የሚደነቀው። ነገር ግን የሞተ አጽም የማያሳየው ምስጢር አለ። በሕይወት ያለ ሰው አጥንት ደም የሚዘዋወርበት፣ ሌት ተቀን የሚፈርስና የሚገነባ አካል ነው። አሮጌውን አጥንት እየቆረቆሩ የሚያነሱ ሕዋሳት አሉ፤ በእግራቸው እየተከተሉ አዲሱን የሚተክሉ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። ግድግዳው ያረጀ ቤት በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተመረገ እንደሚታደሰው ማለት ነው።

በልጅነትና በወጣትነት የሚተክሉት ከሚያነሱት ይበልጣሉ። አጥንት ከፍተኛ ጥንካሬው ላይ የሚደርሰው በሃያዎቹ መጨረሻ፣ 30 ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ይመጣጠናሉ፤ ቀጥሎም የሚያነሱት እያየሉ ይሄዳሉ። በሩም ሱራ ውስጥ አላህ የሰውን ልጅ ከድካም አስነስቶ ወደ ብርታት፣ ከብርታት መልሶ ወደ ድካምና ሽበት እንደሚወስደው የተነገረውን ሳነብ አሁን አሁን ይህ የአጥንት ጉዞ ይታወሰኛል።

ሴቶች ላይ ጉዳዩ የሚከፋው የወር አበባ (ሐይድ) ሲቋረጥ ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የሚያፈርሱትን ሕዋሳት ልጓም ይዞ የሚያቆይ ነው። በ50 ዓመት ገደማ ሐይድ ሲቋረጥ ልጓሙ ይላላል፤ አንዲት ሴት በሚቀጥሉት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታት ውስጥ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የአጥንት ክምችቷን ልታጣ ትችላለች። ከ45 ዓመት በፊት የተቋረጠባት ወይም በቀዶ ሕክምና ሁለቱም እንቁልጢዎቿ የወጡላት እህት ይበልጥ መጠንቀቅ አለባት። ወንዶችም አያመልጡም፤ የእነሱ የሚጀምረው ዘግይቶና በዝግታ ነው እንጂ። በዓለም ደረጃ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሴቶች ከሦስት አንዷ፣ ከወንዶች ከአምስት አንዱ በቀሪ ዕድሜያቸው በዚህ ሰበብ ስብራት እንደሚገጥማቸው ይገመታል።

«ብዙ ወልጄ፣ ብዙ አጥብቼ አጥንቴ አለቀ» የሚሉ እናቶች አሉ። እውነት ነው፣ ጡት በማጥባት ወቅት የእናት አጥንት ከሦስት እስከ አምስት በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ ባሉት ወራት ውስጥ የሄደው በአብዛኛው ይመለሳል። ይህም የአላህ እዝነት ነው። እንግዲህ ቁርኣን በበቀራ ሱራ የጠቀሰውን ሁለት ዓመት ማጥባት አጥንቷን ፈርታ የምትተው እህት እንዳትኖር። ይልቅ በዚያ ወቅት በደንብ ትብላ፤ ባሏም ወተቱን አያጉድልባት።

በሽታው የሚታወቅበት ምልክት የለውም ወይ? ችግሩ ይህ ነው፤ አጥንት ሲሳሳ አያምም። ጉልበትን የሚጠዘጥዘው፣ በክረምት የሚነሳው ቁርጥማት ሌላ በሽታ ነው። ቁርጥማት የሌለበት ሰው «አጥንቴ ጤነኛ ነው» ማለት አይችልም። የሚታይ ነገር ካለ ቁመት ማጠርና መጉበጥ ነው። ድሮ የሰፋችው ቀሚስ መሬት መጎተት ከጀመረ፣ ቁመቷ አራት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ካጠረ፣ የአከርካሪ አጥንቶቿ ሳይታወቅ ተጨፍልቀው ሊሆን ይችላል። የጎበጡ አያቶቻችንን በሙሉ «ዕድሜ ነው» ስንል ኖረናል። ከእነሱ ስንቶቹ ወገባቸው ተሰብሮ እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው።

መለኪያው «ዴክሳ» የሚባል አነስተኛ ጨረር የሚጠቀም መሣሪያ ነው። በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም፣ ክፍያውም ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል። ይህ ግን ተስፋ አያስቆርጥ፤ ሐኪም በቀላል መውደቅ የተሰበረን አዛውንት ያለ መሣሪያውም ሕክምና ሊያስጀምረው ይችላል። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ የቆየ ስብራት ቢሆንም፣ ለሐኪም መናገር ተገቢ ነው። በዚያውም ለአስም ወይም ለሪህ «ፕሬድኒሶሎን» የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ካለ ይነገር። ይህ መድኃኒት ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲወሰድ አጥንትን ያሳሳል። ሕይወት አዳኝ መድኃኒት ስለሆነ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ አጥንትን የሚጠብቅ ነገር እንዲጨመርበት መጠየቅ ነው የሚገባው። ካለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መዋጥ ግን ይቁም።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል፣ ማንንም ለማስከፋት አይደለም። ወለምታን በመመለስ ሲያገለግሉን የኖሩ አባቶች አሉን፤ እኔም ልጅ ሆኜ ክንዴን የመለሱልኝ ወጌሻ ናቸው። የአዛውንት ዳሌ ግን የወጌሻ ሥራ አይደለም። አዛውንት ወድቀው እግራቸውን መርገጥ ካቃታቸው፣ እግሩ ከሌላው አጥሮ መዳፉ ወደ ውጭ ከዞረ፣ መታሸት የለባቸውም፤ ሳይነቀነቁ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ። ቀዶ ሕክምናው በ48 ሰዓት ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል። በተኙ ቁጥር ሳንባ ይታመማል፣ ደም ይረጋል፣ ገላ ይቆስላል። የዳሌ ስብራት ከደረሰባቸው አዛውንቶች ከአምስት አንዱ ያህል በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይሞታሉ፤ የሚሞቱትም በአብዛኛው ከመተኛቱ በሚመጣው መዘዝ ነው። አጥብቆ ማሰርም ደም ከልክሎ እጅን ወይም እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ሕክምና የማያውቅ ሰው ሕክምና ሰጥቶ ጉዳት ቢያደርስ ተጠያቂ እንደሚሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸው በሱነን ኪታቦች ተዘግቧል። ጠያቂ ሆነን የምንጠራውም ብንሆን ማሰብ አለብን።

«ወንድ ሐኪም ዳሌዬን አያየውም» ብለው የሚዘገዩ እናቶችም ብዙ ናቸው። ሐያእ የኢማን ክፍል ነው፤ እናከብረዋለን። ሴት ሐኪም ከተገኘች እሰየው። ካልተገኘች ግን ዶሩራ ነው፤ ለሕክምና የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መታየት በሸሪዓችን የተፈቀደ መሆኑን ልጆች ለእናቶቻቸው በለዘበ አንደበት ያስረዱ።

ወደ ማዕዳችን እንሂድ። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 1000 ሚሊ ግራም፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት 1200 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል። ቁጥሩ እንዳያስደነግጣችሁ። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎን ይሞክር፤ ይስማማዋል። ጤፋችን ከብዙዎቹ እህሎች ይልቅ በካልሲየም የታደለ ነው፤ 100 ግራም ዱቄቱ ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ሲኖረው፣ የፉርኖ ዱቄት ግን ከዚህ አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ነው ያለው። የእንጀራ ሊጥ መቡካቱ ደግሞ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሳል። የጤፍ ዋጋ ሰማይ በነካበት በዚህ ዘመን «ጤፍ ብሉ» ማለት ለስንቱ ቤት ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ። ለዚህ ነው ጎመንን የምጠቅሰው። የአበሻ ጎመን ካልሲየሙ በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባ ነው። ቆስጣ ግን፣ ቢያምርም፣ ካልሲየሙ ታስሮ ስለሚቀር በጎመን ቦታ አይተካም። ያልተፈተገ ሰሊጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 90 ሚሊ ግራም ይሰጣል። አይብም አለ። ሽሮው፣ ምስሩና ሥጋው ለአጥንትም ለጡንቻም የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ አዛውንቶች «አልርቦኝም» እያሉ በሻይና በዳቦ ብቻ እንዳይውሉ።

የአጥንት ሾርባስ? «አጥንት ለአጥንት» ብለን በሽተኛ የምንጠይቅበት ነው። ይጣፍጣል፣ ያሞቃል። ካልሲየሙ ግን ከአጥንቱ ወደ መረቁ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው። ሾርባውን ይዛችሁ ስትሄዱ እርጎም ጨምሩበት። በተቃራኒው፣ ጨው ማብዛት ካልሲየምን በሽንት ያስወጣል፤ ሲጋራ አጥንትን ይጎዳል፤ ጫትም የምግብ ፍላጎትን ዘግቶ ማዕዱን ያስረሳል።

ካልሲየም ወደ ደም የሚገባው ግን ቫይታሚን ዲ በር ሲከፍትለት ነው። ይህን ቫይታሚን በአብዛኛው የምናገኘው ከምግብ ሳይሆን ከፀሐይ ነው። «አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያለን ሕዝብ ፀሐይ ይጎድለናል?» ትሉኝ ይሆናል። በአዳማና አካባቢው በተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 42 በመቶዎቹ የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው፣ የከተማዎቹ ተማሪዎች ከገጠሮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚያጋጥማቸው አሳይቷል። ፀሐይ ውጭ ናት፣ እኛ ደግሞ ቤት ውስጥ። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ፀሐዩ እንደዚያ እያቃጠለ እጥረቱ የተስፋፋ ነው፤ ከንጋት እስከ ሌሊት ከሰው ቤት ሳይወጡ የሚሠሩ እህቶቻችንን እዚህ ላይ አስቡ። ከዚያ የተመለሰች እህት ጡንቻዋ ከደከመና ሰውነቷን ከጠዘጠዛት ይህንንም ትመርመር።

«ሒጃቡ ነው ምክንያቱ» የሚሉ አሉ። መሸፈን ለቆዳ የሚደርሰውን ብርሃን እንደሚቀንስ መካድ አይቻልም፤ መፍትሔው ግን ሒጃብን መተው አይደለም። ባዕድ ወንድ በማያይበት ግቢ ወይም በረንዳ ላይ እጅጌን እስከ ክንድ ሰብስቦ፣ ፊትንና እጅን ለፀሐይ ሰጥቶ መቀመጥ ይቻላል። መቼ? እዚህ ላይ እኛ ሙስሊሞች የምናውቀው መለኪያ አለን፤ ጥላ ነው። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ባጠረበት ሰዓት፣ ማለትም ረፋዱ ካለፈ በኋላ ዐስር ከመግባቱ በፊት ባለው ጊዜ፣ ቆዳ ቫይታሚኑን ይሠራል። አያቶቻችን የሚወዷት የማለዳ ፀሐይ ደስ ብትልም ጥላዋ ረጅም ነውና ጥቅሟ ትንሽ ነው። በመስኮት መስታወት ውስጥ የሚገባውም ብርሃን ለዚህ አይሆንም። የኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ደግሞ ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ሳይቃጠሉ፣ መልካም ነው። ከቤት መውጣት የማይችሉ አዛውንቶች ክኒኑን በሐኪም ትእዛዝ ይውሰዱ። «ብዙ ሲሆን ይሻላል» ግን አይሠራም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት በዓመት አንድ ጊዜ እጅግ ከፍተኛ መጠን የተሰጣቸው አሮጊቶች ይበልጥ መውደቃቸውንና መሰበራቸውን አሳይቷል።

አጥንት ሸክም ሲሰማው ይጠነክራል። በእግር መሄድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም፤ እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም። አንዳንድ ሰባኪዎች ሰላትን እንደ ስፖርት ሲያስተዋውቁ እሰማለሁ፤ እኔን አይጥመኝም። ሰላት የምንሰግደው አላህ ስላዘዘን ነው። ቆሞ መስገድና መነሳት መቀመጡ ለእግር ጡንቻና ለሚዛን የሚጠቅም መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ሰላት ስለሰገደ ሌላ እንቅስቃሴ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ወደ መስጂድ በእግር የሚሄድ ሁለቱንም ያገኛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አዛውንት ከወደቁ አጥንቱ ይፈተናል። የኛ ቤቶች ደግሞ በተለይ በወዱእ ሰዓት አደገኛ ናቸው። ወለሉ ይረጥባል፣ ነጠላ ጫማው ያዳልጣል፣ ሌሊት ነው፣ እንቅልፍ ከዓይን አልጠፋም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከተኛበት በድንገት ሲነሳ ያዞረዋል። እናቴ ከሆስፒታል ስትመለስ ያደረግነው ይህን ነው፤ ኮሪደሩ ላይ የነበሩትን ምንጣፎች አነሳን፤ መታጠቢያው ግድግዳ ላይ ብረት መያዣ አስተከልን፤ በራስጌዋ በቻርጅ የምትሠራ ትንሽ መብራት አስቀመጥን፤ ማንቆርቆሪያና ሳፋ አጠገቧ አድርገን ተቀምጣ ወዱእ እንድታደርግ አደረግን። ጅልባቧን አራት ጣት ያህል አሳጠርነው። ዓይኗ ላይ ሞራ መኖሩም የታወቀው ያኔ ነው፤ ተገፈፈላት። ሁሉም ተደምሮ ያስወጣን ገንዘብ ለቀዶ ሕክምናው ከከፈልነው ጋር አይነጻጸርም።

ሐኪሙ መድኃኒትም አዘዘላት። በብዛት የሚታዘዘው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ «አለንድሮኔት» የተባለ ክኒን ነው። አወሳሰዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ምግብ አይበላም፣ መተኛትና ማጎንበስም አይቻልም፤ ጉሮሮን ያቆስላልና። ስለዚህ ሱብሒን ከሰገዱ በኋላ እንጂ ሊሰግዱ ሲሉ አይዋጥም። በረመዳን እንዴት እንደሚወሰድ ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። የአጥንት መሳሳት በራሱ ከጾም የሚያግድ ዑዝር አይደለም። የተሰበረና ሐኪም መጾም ይጎዳዋል ያለው ሰው ያፈጥራል፤ ሲሽለው ቀዷ ያወጣል። ይድናል ተብሎ ተስፋ የማይደረግ ሕመምተኛ ደግሞ ለየቀኑ አንድ ምስኪን ያበላል።

በመጨረሻ ደጋግሞ የሚቀርብልኝን የወንበር ሰላት ጥያቄ ላንሳ። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) በሕመም ምክንያት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ፣ ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ እሱንም ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ ማዘዛቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። አከርካሪው የተሰበረ ሰው ሐኪም ማጎንበስ ከከለከለው ሩኩዕና ሱጁዱን በምልክት ያደርጋል፤ ለሱጁድ ከሩኩዕ ይበልጥ ዝቅ ይላል። መቆም የሚችለው ሰው መቼ መቆም እንዳለበት መዝሀቦች የሚለያዩበት ዝርዝር ስላለው የየአካባቢያችሁን ዐሊም ጠይቁ። ወጣቶች ሆይ! በመስጂድ ወንበር የያዙ አባቶችን «ቦታ አጠበቡ» ብላችሁ በዓይን አትመልከቷቸው።

እናቴ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች፣ በወንበር ትሰግዳለች። ከሁሉም የከበዳት ግንባሯን መሬት ላይ አለማኖሯ ነው። አንድ ቀን «ያ እጄ ሲሰበር ሐኪም ቤት ሄደን ቢሆን ኖሮ፣ አሁን ሱጁድ እወርድ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላሁ አዕለም» አልኳት። በማግስቱ 51 ዓመት የሞላትን ታላቅ እህቴን ይዣት ሐኪም ቤት ሄድኩ።